«ትናንት ስንት ነበር?» ዋጋን የሚያስታውሱ ነፃ መሣሪያዎች አጭር ታሪክ

(ከዚህ በታች የቀረበው በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲያመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያው ላይ ያየ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ የታሪክ ነው ወይስ የገበያ?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን በአንድ የራሴ ገጠመኝ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምርምር ውጭ አገር በቆየሁበት ወቅት፣ የብራና መጻሕፍትን ኅዳግ ለመቅዳት የሚያገለግል አነስተኛ ስካነር ለመግዛት ፈለግሁ። በአንድ የኢንተርኔት መደብር አገኘሁት። 400 ዶላር የሚለው ዋጋ ተሰርዞ ከሥሩ 249 ዶላር ተጽፏል፤ ከጎኑም ቅናሹ ሊያበቃ የቀረውን ጊዜ እየቀነሰ የሚያሳይ ሰዓት አለ። ሰዓቱ እየቆጠረ ማሰብ አይቻልምና ገዛሁ። በሳምንቱ ስለ ግዢዬ በኩራት ስናገር የሰማ አንድ ወጣት ያገሬ ልጅ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የዕቃውን ስም አስገባና «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱ» አለኝ። የአንድ ዓመት የዋጋ መስመር ነበር። መስመሩ ዓመቱን ሙሉ በ240 እና በ255 ዶላር መካከል ከፍ ዝቅ ይላል፤ 400ን አንድም ቀን አልነካም። የተሰረዘው ዋጋ በዚያ ዓመት ማንም ያልከፈለው ዋጋ ነበር።

እንደ ገዢ ተናደድሁ፤ እንደ ታሪክ ባለሙያ ግን አፈርሁ። የማገኘውን ሰነድ ሁሉ «ማን ጻፈህ? መቼ? ለምን?» ብዬ ስጠይቅ የኖርሁ ሰው፣ አንድ የተሰረዘ ቁጥር ሳይ ሳልጠይቅ አመንሁ። «ድሮ 400 ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር እኮ ስለ ኃላፊ ጊዜ የቀረበ ምስክርነት ነው፤ መስካሪውም በነገሩ ጥቅም ያለው ወገን ነው።

ያ መስመር የታየበት መሣሪያ ምንም ክፍያ አልጠየቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያሳስበኝ ጥያቄ እነሆ፦ ያንን መስመር በየቀኑ ሲመዘግብ የኖረው ማን ነው? በነፃ የሰጠንስ ለምንድን ነው?

ዋጋ ከሰው ልጅ ድርጊቶች ሁሉ በቶሎ ከሚረሱት አንዱ ነው። ውል ይጻፋል፣ ጦርነት ይዘከራል፣ የንጉሥ ሞት በዜና መዋዕል ይገባል፤ በአንድ ቅዳሜ ገበያ አንድ ቁና ጤፍ ስንት እንደተሸጠ ግን ማንም አይጽፍም። የዜና መዋዕል ጸሐፊም ዋጋን የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ ረኀብ ገብቶ ዋጋው ከልክ ሲያልፍ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1968 ያሳተሙትን የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ የሚያነብ ሰው፣ የዋጋ መረጃው የተለቀመው በአብዛኛው ከመንገደኞች ማስታወሻ እንደሆነ ያያል። አገሬው የሚያውቀውን ስለማይጽፍ፣ የጻፈው ነገሩ አዲስ የሆነበት እንግዳ ነው።

በእንግሊዝ ጄምስ ቶሮልድ ሮጀርስ ከ1866 ጀምሮ፣ በኋላም ዊልያም ቤቨሪጅ በ1939 ያሳተሟቸው ታላላቅ የዋጋ ታሪኮች ሊጻፉ የቻሉት ዊንችስተርና ኢተንን የመሰሉ ኮሌጆች፣ ገዳማትና ሆስፒታሎች ለዘመናት የገዙትን ስንዴ፣ ሻማና ጨርቅ በሂሳብ መዝገብ ስላሰፈሩ ነው። ልብ በሉ፤ ያስታወሱት ገዢዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጸሐፊ የሚቀጥሩ፣ ግምጃ ቤት ያላቸው ገዢዎች። ተራው ገዢ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። እርሱ ከገበያ ወደ ገበያ የሚሸከመው ትውስታ ከራሱ ጋር ተቀብሯል።

በእኛ አገር ደግሞ እጅግ የሚደነቅ ሌላ ዘዴ ነበር። በጎንደር ዘመን፣ በተለይ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ርስት ሲሸጥ የሽያጩ ቃል በቤተ ክርስቲያን ብራና ኅዳግ ወይም ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጩ ስም፣ የገዢው ስም፣ በወቄት ወርቅ የተቆረጠው ዋጋና የምስክሮቹ ስም አብረው ይሰፍራሉ። ዶናልድ ክረሚና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ሰነዶች ሰብስበው አጥንተዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ መዝገቡ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በሻጭ ቤት አይደለም፤ በገዢ ቤትም አይደለም። ዋጋው የሚታወሰው ሁለቱም ሊፍቁት በማይችሉበት በሦስተኛ ቤት፣ በምስክር ፊት ነው። ይህን ሥዕል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁና።

ተራው ገዢ ዋጋን ሳይከራከር የሚያነብበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ኩዌከር ነጋዴዎች፣ ሁለት ቃል መናገር ሐሰት ነው ብለው፣ በአንድ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። በኒውዮርክ የአሌክሳንደር ስቱዋርት የእብነ በረድ መደብር በ1846 ተከፈተ፤ በፓሪስ አሪስቲድ ቡሲኮ በ1852 የቦን ማርሼ ሸሪክ ሆነ፤ በፊላደልፊያ ጆን ዋናሜከር በ1870ዎቹ ተከተለ፤ በዕቃ ላይ የሚንጠለጠል የዋጋ ወረቀትም ተለመደ። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ነጋዴዎች በዕቃው ላይ ምስጢራዊ ፊደል ይጽፉ ነበር። አሥር የተለያዩ ፊደላት ያሉት አንድ ቃል ይመረጥና እያንዳንዱ ፊደል ለአንድ አኃዝ ይቆማል። ሻጩ ዕቃውን ስንት እንደገዛው ከወረቀቱ ያነባል፤ ገዢው ግን የሚያየው ትርጉም የለሽ ፊደል ነው። በአንድ ዕቃ ላይ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ለአንዱ ዕውቀት፣ ለሌላው ጨለማ ነበር።

የታተመው ዋጋ ይህን ጨለማ ገፈፈ። ዛሬ ስንት እንደሆነ ሁሉም ያያል፤ ትናንት ስንት እንደነበር ግን ዛሬም የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ሆኖ ቀረ። ወረቀት ማተም ወጪ ስላለው ዋጋ በየሰዓቱ አይለዋወጥም ነበርና ጉዳቱ ያን ያህል አልተሰማም። ኢንተርኔት ሲመጣ ግን ቁጥሩን መለወጥ ወጪ የሌለው ሥራ ሆነ። ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች የምወደው በ2011 የታየው ነው። ስለ ዝንብ የፅንስ ዕድገት የሚያትት አንድ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ በአማዞን ላይ ዋጋው 23,698,655 ዶላር ከ93 ሳንቲም ደርሶ ተገኘ። ሁለት ሻጮች በየፊናቸው ዋጋ የሚተምን ፕሮግራም ነበራቸው። አንደኛው ከሌላው ጥቂት ዝቅ እንዲል፣ ሌላኛው ደግሞ ከመጀመሪያው 27 በመቶ ገደማ ከፍ እንዲል ታዝዘዋል። ሰው ሳይገባበት አንዱ ሌላውን እያየ ሲወጣ ሲወጣ እዚያ ደረሰ። ነገሩ ያስቃል፤ ግን አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። ዋጋን በመከታተል ሻጮች ገዢዎችን ቀድመዋል።

በገዢው በኩል ያለው ታሪክ የሚጀምረው በ1995 ነው። በዚያ ዓመት አንደርሰን ኮንሰልቲንግ የተባለው የአማካሪዎች ድርጅት ባርጌንፋይንደር የሚል ስም የሰጠውን ፕሮግራም ለሙከራ በነፃ አቀረበ። የአንድ የሙዚቃ ሲዲ ስም ስትሰጡት ወደ ጥቂት የኢንተርኔት መደብሮች ሄዶ ዋጋቸውን ጠይቆ ይመለሳል። ከመደብሮቹ አንዳንዶቹ ምን አደረጉ? በሩን ዘጉበት። በዋጋ ብቻ መመዘን አልፈለጉም። ይህ መዘጋት በኋላ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ፤ ዋጋን የሚመዘግብ መሣሪያ የሚኖረው ዋጋው የሚመዘገብበት መደብር እስከፈቀደለት ድረስ ነው።

ባርጌንፋይንደር ግን የሚያወዳድረው የዛሬን ዋጋ ከዛሬ ዋጋ ጋር ነበር። ተማሪዎች ሁለቱን ነገሮች ሲያምታቱ ስለማይ ላስረግጠው። ዋጋ ማወዳደር «ሌላው ጋ ስንት ነው?» ይላል፤ ዋጋ መከታተል «ትናንት ስንት ነበር?» ይላል። የመጀመሪያው ጎረቤትን፣ ሁለተኛው ጊዜን ይጠይቃል። በማወዳደር ብቻ የኖሩ ነፃ አገልግሎቶች ምን እንደገጠማቸው በአጭሩ ለመንገር፣ ጉግል በ2002 ፍሩግል ብሎ የጀመረው የዕቃ መፈለጊያ ሻጮችን በነፃ ይዘረዝር ነበር፤ በ2012 ግን ለመዘርዘር ሻጩ የሚከፍልበት ሆነ። ገዢው ዛሬም አይከፍልም። የሚያየው ዝርዝር ግን እስከ 2020 ድረስ የከፈሉት ዝርዝር ነበር።

የጊዜው ጥያቄ በሰፊው የተነሣው በ2000 ይመስለኛል። በዚያ ዓመት መስከረም አማዞን አንድን የዲቪዲ ፊልም ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ ዋጋ ሲሸጥ ገዢዎች ደረሱበት። የደረሱበትም እርስ በርስ ሲጻጻፉና የከፈሉትን ሲነጋገሩ ነው። አንዱ መደብሩ በኮምፒውተሩ ያስቀመጠውን መለያ ሲያጠፋ ዋጋው እንደቀነሰለት አስተዋለ። ኩባንያው ዋጋዎቹን ያከፋፈለው በዕጣ መልክ ለሙከራ እንደነበር ገለጸ፤ ለ6,896 ደንበኞችም በአማካይ 3 ዶላር ከ10 ሳንቲም መለሰ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ነገር ግን ብዙ ገዢዎች መዝገብ ከሌላቸው እያንዳንዳቸው የሚያዩት ዋጋ የሁሉም ዋጋ መሆኑን እንኳ ማረጋገጥ እንደማይችሉ በዚያ ወር ገባቸው።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልናገር፤ ኦረን ኤትዚዮኒ ይባላሉ፣ በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነበሩ። እኚህ ሰው ለወንድማቸው ሠርግ የአውሮፕላን ቲኬት ቀደም ብለው ገዝተው ሲጓዙ፣ ከጎናቸው የተቀመጠውን ሰው ስንት እንደከፈለ ጠየቁት። ዘግይቶ የገዛው ሰው የከፈለው ከእርሳቸው ያነሰ ነበር። ሌሎችንም ጠየቁ፤ ብዙዎቹ ያነሰ ከፍለዋል። እኛ ብንሆን ተበሳጭተን እንተኛለን። እርሳቸው ግን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ41 ቀናት ከ12,000 በላይ የቲኬት ዋጋዎችን ሰበሰቡና አንድ ፕሮግራም «አሁን ግዛ» ወይም «ቆይ» ብሎ ሊመክር እንደሚችል በ2003 ባሳተሙት ጥናት አሳዩ። የሃምሌት ጥያቄን ያስታወሳቸው ይመስላል፤ ፕሮግራሙን ሃምሌት ብለውታል። ጥናቱ አድጎ ፌርካስት የተባለ አገልግሎት ሆነ። ማንኛውም መንገደኛ ያለ ክፍያ ገብቶ የቲኬቱ ዋጋ ሊወጣ ነው ወይስ ሊወርድ ነው ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር።

ከዚያስ? በ2008 ማይክሮሶፍት ፌርካስትን ገዛው፤ በራሱ የጉዞ ገጽ ውስጥም አስገባው፤ በ2014 የዋጋ ትንበያው ቆመ። የቲኬት መረጃውን ያቀርብ የነበረውን አይቲኤ የተባለ ኩባንያ ደግሞ ጉግል ገዛው። ኤትዚዮኒ ተስፋ አልቆረጡም፤ ዲሳይድ የሚባል ሌላ አገልግሎት ለቴሌቪዥን፣ ለካሜራና ለመሳሰሉት ዕቃዎች አቋቋሙ። ኢቤይ በመስከረም 2013 ገዛውና በዚያው ወር መጨረሻ ዘጋው። ሠራተኞቹ በሻጮች በኩል ሆነው ሻጮች ዋጋ እንዲተምኑ ወደ መርዳት ዞሩ።

በእኔ ዕይታ የዚህ ታሪክ ልብ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያዎቹ ስላልሠሩ አይደለም የጠፉት። የሠሩ ናቸው። ዋጋን የሚያስታውስ ማኅደር ለገዢው ጠቃሚ የሆነውን ያህል ለሻጩም ጠቃሚ ነው፤ ሻጩ ደግሞ ይከፍላል፤ ገዢው አይከፍልም። ስለዚህ ማኅደሩ በጊዜ ብዛት ወደሚከፍለው ወገን ያዘነብላል። አንድ የመዛግብት ቤት ሲሸጥ ብንሰማ ሁላችንም እንጮኻለን። እነዚህ ማኅደሮች ሲሸጡ ግን ዜናው የወጣው በንግድ ዓምድ ነው።

እስከ ዛሬ የቆዩም አሉ። ካሜልካሜልካሜል በ2008 ተጀመረ። ስሙን ብንተረጉመው «ግመል ግመል ግመል» ማለት ነው፤ ለምን እንደተባለ ባላውቅም፣ ግመሎቻቸው ከአፋር የጨው ሜዳ አሞሌ እየጫኑ ሲወጡ የአሞሌው ዋጋ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይጨምርበት ለነበረ አገር ሰው ስሙ ደስ ይላል። በአማዞን የሚሸጥን ዕቃ አድራሻ ስትሰጡት የዋጋውን ታሪክ በመስመር ያሳያችኋል፤ የምትፈልጉትን ዋጋ ብትነግሩት እዚያ ሲደርስ በኢሜይል ያስታውቃችኋል። ኪፓ የተባለው ጀርመናዊ አገልግሎት ደግሞ ከብራውዘር ጋር ተያይዞ መስመሩን በራሱ በዕቃው ገጽ ላይ ያወጣዋል። ኪፓ በ2019 ከመረጃው ከፊሉን፣ በተለይ ሻጮች የሚፈልጉትን፣ በክፍያ አደረገ፤ መሠረታዊው የዋጋ መስመር ግን በነፃ ቀጠለ።

ነፃ ስንል በምን ይተዳደራሉ? በድለላ ነው። አማዞን ከ1996 ጀምሮ ገዢ ላመጣለት ሰው ኮሚሽን ይከፍላል። እናንተ ከመሣሪያው ገጽ ተነሥታችሁ ዕቃውን ከገዛችሁ መሣሪያው ድርሻውን ያገኛል። ደላላ መሆኑ ነውር አይደለም፤ መርካቶም ያለ ደላላ አይንቀሳቀስም። ነገር ግን ደላላ የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነው። «አትግዛ» የሚል መስመር የሚያሳይ መሣሪያ በ«ግዛ» የሚኖር መሆኑን መርሳት የለብንም። እስካሁን ያየኋቸው መስመሮች ተዛብተው አላገኘኋቸውም፤ የምናገረው ስለ መሠረታቸው ነው። ሃኒ የተባለውን የቅናሽ መፈለጊያ ፔይፓል በ2019 በ4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ ብዙዎች «ነፃ ነገር እንዴት ይህን ያህል ያወጣል?» ብለው ነበር። በ2024 መጨረሻ የዩቲዩብ አዘጋጆች የእኛን ኮሚሽን ወሰደብን ብለው ፍርድ ቤት ሲከሱት፣ የነፃው ነገር ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ አደባባይ ወጣ።

ሌላም ደካማ ጎን አለ፤ እርሱ የመዛግብት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በጥር 2019 የካሜልካሜልካሜል በርካታ የመረጃ ማከማቻ ዲስኮች በአንድ ጊዜ ተበላሹ፤ አገልግሎቱ ለቀናት ተቋርጦ መረጃው በባለሙያ እስኪመለስ ተጠበቀ። የዐሥር ዓመት የዋጋ ታሪክ በጥቂት ዲስኮች ላይ ነበር። ብራና ይሻላል አልልም፤ ብራናም ይቃጠላል። ግን በዓለም ላይ እጅግ ሰፊ ከሆኑት የችርቻሮ ዋጋ መዛግብት አንዱ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ጥንቃቄ ላይ የቆመ መሆኑ እንቅልፍ ሊነሣን ይገባል።

«አንድ ስካነር ተወዶብህ ይህን ሁሉ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ከስካነር ወደ ዳቦ እንሂድ። በአርጀንቲና ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት በብሔራዊው የስታቲስቲክስ ተቋም ሥራ ጣልቃ ገባ፤ ይፋ የሚወጣው የዋጋ ግሽበትና የቤት እመቤቶች በገበያ የሚያዩት አልገናኝ አለ። አልቤርቶ ካቫሎ የተባለ አርጀንቲናዊ፣ ያኔ በሃርቫርድ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፣ ሱፐርማርኬቶች በኢንተርኔት የሚለጥፉትን ዋጋ በየቀኑ የሚለቅም ፕሮግራም ጻፈ። እስከ 2011 በነበሩት ዓመታት ይፋዊው ግሽበት በአማካይ በዓመት 8 በመቶ ገደማ ሲሆን የካቫሎ መዝገብ ግን ከ20 በመቶ በላይ አሳየ። በ2011 መንግሥት የራሳቸውን የግሽበት ግምት የሚያወጡ የኢኮኖሚ አማካሪዎችን በገንዘብ ቀጣ። የካቫሎ መዝገብ ግን በውጭ አገር ስለነበር ማንም ሊፍቀው አልቻለም። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በየካቲት 2013 በአርጀንቲና ላይ ይፋ ወቀሳ አሳለፈ። ካቫሎና ሮቤርቶ ሪጎቦን በኤምአይቲ ያቋቋሙት የቢሊዮን ዋጋዎች ፕሮጀክት ከዚሁ ሥራ የተነሣ ነው።

ስልቱን ተመልከቱት። የእኔ ወጣት ያገሬ ልጅ ካሳየኝ መስመር በምንም አይለይም፤ ዕቃ፣ ቀን፣ ዋጋ። ልዩነቱ ጥያቄው የአንድ ሰው ቦርሳ ሳይሆን የአንድ አገር ደመወዝና ጡረታ መሆኑ ነው።

ታዲያ የጎንደሩ ሦስተኛ ቤት ዛሬ የት ነው? ሁለት ሙከራዎችን ልጥቀስ። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 28 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ፣ ቅናሽ አደረግሁ የሚል ነጋዴ ከቅናሹ በፊት ባሉት ቢያንስ 30 ቀናት ያስከፈለውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ ያስገድዳል። በመስከረም 2024 የኅብረቱ ፍርድ ቤት፣ በሙዝና በአናናስ ቅናሽ በተነሣ ክርክር፣ የቅናሹ መቶኛ ራሱ ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ተነሥቶ መሰላት አለበት ሲል ወሰነ። ሕጉ በአጭሩ ሻጩን «ትናንትህን ተናገር» ይለዋል። ሆኖም መዝገቡ አሁንም በሻጩ ቤት ነው።

ሁለተኛው ወደ ጎንደር ይበልጥ ይቀርባል። ጀርመን በ2013 የነዳጅ ማደያዎች ሁሉ ዋጋ በለወጡ በደቂቃዎች ውስጥ ለውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቁ አዘዘች። ከ14,000 በላይ ማደያዎች ይህን ያደርጋሉ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ መተግበሪያ አልሠራም፤ መረጃውን የነፃ መተግበሪያ ለሚሠሩ ሰጠ። መሣሪያዎቹ ቢሸጡም ቢዘጉም መረጃው ከሕዝብ እጅ አይወጣም።

ይህን ስናገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ምክንያቱም ዋጋን መግለጥ ሁልጊዜ ገዢን ይጠቅማል ብዬ አምን ነበርና። በ1993 የዴንማርክ የውድድር ባለሥልጣን የተደባለቀ ኮንክሪት ሻጮች በትክክል የሸጡበትን ዋጋ በየስማቸው ማሳተም ጀመረ። ዓላማው ዋጋው እንዲወርድ ነበር። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ወጣ። ሻጮቹ ጥቂት ስለነበሩ የተባለው ጽሑፍ የጠቀመው እነርሱን ነው፤ ማን በድብቅ እንደቀነሰ ያዩበታል፤ ስለዚህ ማንም አይቀንስም። ሻጩ ብዙ በሆነበት ገበያና ሻጩ ሦስት በሆነበት ገበያ አንድ መዝገብ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ራሳችን። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የጠቀስኋቸውን መሣሪያዎች በቀጥታ ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ፤ ስልክና ላፕቶፕ አስገዝታችሁ ለምታስልኩ ሰዎች ደግሞ እናንተም እዚህ ሆናችሁ መስመሩን አይታችሁ «ኅዳር እስኪገባ ቆዩ» ማለት ትችላላችሁ። ስታዩት የወሩን ሳይሆን የዓመቱን መስመር ክፈቱ፤ መደብሩ ራሱ የሸጠበትን ዋጋ በውስጡ ያሉ ሌሎች ሻጮች ካስቀመጡት ለዩ፤ የማጓጓዣ ወጪና በኩፖን የሚገኝ ቅናሽ በመስመሩ ላይ ላይታይ እንደሚችልም አስቡ። መሣሪያ ለማይከታተለው መደብር የኢንተርኔት አርካይቭን ዌይባክ ማሽን ሞክሩ። የድሮ ገጾችን ለማየት ለሁሉም ከተከፈተ ከ2001 ጀምሮ ነው፤ ስለ ዋጋ ታስቦ ባይሠራም፣ የገጹ ቅጂ ከተያዘ በዚያ ቀን የተጻፈውን ዋጋ ታገኙበታላችሁ። ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ቀኑና ሰነዱ አብረው ይመጣሉና። መስመር ግን ከሰነድ የወጣ ድምር ነው።

እዚህ አገር ግን አብዛኛው የኢንተርኔት ግብይታችን በቴሌግራም ቻናል ነው፤ ለቴሌግራም ቻናል የዋጋ መስመር የሚያወጣ መሣሪያ አላገኘሁም። ቻናሉ ራሱ ግን ባለማወቅ ማኅደር ሆኗል። ልጥፉ ቀን አለው፤ ከተለወጠም መለወጡ ይታያል፤ የዕቃውን ስም በመፈለጊያው ብትጽፉ ያለፈው ዓመት ልጥፍ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ሻጩ የድሮውን ካላጠፋ ነው። ደግሞም ብዙዎቹ «ለዋጋው በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብለው ይጽፋሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር በዕቃው ላይ በምስጢር ፊደል ይጽፍ የነበረው ነጋዴ ትዝ ይለኛል፤ ዕቃው አደባባይ ላይ ነው፣ ዋጋው በጆሮ ነው። በዚህ መልክ የተነገረ ዋጋ ለነገው የታሪክ ተመራማሪ የለም።

ስለዚህ ከዓመት በፊት አንድ ተራ ነገር ጀመርሁ። ዐሥር ዕቃዎችን መረጥሁ፤ ዘይት፣ የሕፃን ወተት፣ የስልክ ቻርጀር፣ ባለ አንድ ምድጃ የኤሌክትሪክ ማብሰያ እና የመሳሰሉትን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሦስት ቻናሎች ዋጋቸውን እየጻፍሁ የገጹን ምስል አብሬ አስቀምጣለሁ። ዋጋው በውስጥ መስመር ከሆነ «አልተገለጠም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ያም መረጃ ነው። ሦስት ቅዳሜ አምልጦኛል፤ ባዶውን ቦታ በግምት አልሞላሁትም። መዝገቡ አንድ ቅጂ በእኔ ዘንድ፣ አንድ ቅጂ በትምህርት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ማንም ሊያየውና ሊቀዳው ይችላል። ሁለት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ባለፈው ወር የየራሳቸውን ዐሥር ዕቃ ጨምረውበታል። ቻናሎቹን በምን መስፈርት እንደመረጥን ልትጠይቁ የምትችሉ ይመስለኛል፤ እርሱ በእርግጥ ደካማ ጎናችን ነው፤ ከዚያ ብንጀምር ደስ ይለኛል።